ያገለገለች ጌሚንግ ኮምፒውተሬ፦ ምኗ ተቃጠለ፣ ምኗን ቀየርኩ፣ ምኗን ተውኩ

ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሣጥን) ጀርባው ላይ፣ ገመዱ ከሚሰካበት ጎን፣ ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አለችው። ሁሉም ላይ የለችም፤ የቆዩትና ርካሾቹ ላይ ግን ትገኛለች። ወደ አንዱ ስትገፏት 115፣ ወደ ሌላው ስትገፏት 230 ትላለች። ይህን ሁሉ ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ይቺ ብቻ ትበቃዋለች፦ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ከመሰካታችሁ በፊት ቀይዋን እዩ። 115 ላይ ከሆነች የተዘጋጀችው መብራቱ ከ110 እስከ 120 ቮልት ለሆነ አገር ነው፤ የእኛ 220 ነውና 230 ላይ መሆን አለባት።

እኔ ሳላይ ሰካሁት። ጧ! ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ የግቢው መብራትም አብሮ ጠፋ። በዚህ ዘመን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሽት እንዲህ ያለ ድምፅ ማሰማት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬው አልነግርም። እታለም የምንላቸው አከራያችን ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙና "አንተ ልጅ፣ በሕይወት አለህ?" አሉኝ።

"አለሁ እታለም፤ የሞተው ዕቃው ነው።"

"ዕቃው ይሙት። ዕቃ ይተካል" ብለው ገቡ።

መተካቱንስ ይተካል። ኪስ የሚያራቁተው የትኛው ዕቃ እንደሞተ ሳያውቁ መተካት ነው። እኔ ይቺን ማሽን ከገዛሁ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጤነኛውን ዕቃ ቀይሬ የታመመውን ትቼዋለሁ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

የምተዳደረው የሰርግና የልደት ቪዲዮ በማቀናበር ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ከአክስቴ ልጅ ጋር ኳስ እንጫወታለን፣ ሜዳ ላይ ሳይሆን ስክሪን ላይ። ለሁለቱም የሚሆን ኮምፒውተር ማርቆስ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ያገኘኋቸው ሁሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ነበሩ። ስለዚህ ጥር 2014 ላይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ወደ ውጭ ሊወጣ ዕቃውን ከሚሸጥ ልጅ በ32 ሺህ ብር አንዷን ገዛሁ። ኮር አይ 5-4590 ፕሮሰሰር፣ ባለ 8 ጊጋ አንድ ፍሬ ዲዲአር 3 ራም፣ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ፣ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ። ፕሮሰሰሩ በፈረንጆቹ 2014፣ ካርዱ በ2016 የወጡ ናቸው። አሮጊት ናት። ለእኔ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነበረች።

ልጁ ጌም ከፈተልኝ፣ አስር ደቂቃ ተጫወትኩ፣ ደስ አለኝ፣ ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ። አሁን ቢሆን አስር ደቂቃ አይበቃኝም። ያገለገለ ማሽን ሕመሙ የሚወጣው ሲሞቅ ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ላይ አውሎ ሙቀቱን መከታተል ያስፈልጋል። ዛሬ ዕቃ ልገዛ ስሄድ ፍላሽ ላይ ሦስት ትናንሽ ፕሮግራሞች ይዤ ነው የምሄደው። ኤችደብሊው ኢንፎ ሙቀቱን ያሳያል፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የዲስኩን ጤና ይናገራል፤ ጂፒዩ-ዚ ካርዱ ነኝ የሚለውን መሆን አለመሆኑን ያጋልጣል። ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ ኢንተርኔትም አይጠይቁም። እግረ መንገዴን፦ የካርዱንና የማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ዳታ ባለ ጊዜ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ዳታ የተዘጋ ጊዜ ዊንዶውስ አዲስ ጭኖ ድራይቨር አጥቶ መቀመጥን እኔ ቀምሼዋለሁ።

ከግዢው ቀጥሎ መንገዱ አለ። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮን ደርሶ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱንና አቀበቱን ያየ ያውቀዋል፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እንደ ሊጥ የተጣጠፈበት ቦታ አለ። እኔ ኬዙን በጋቢ ጠቅልዬ ከአውቶቡሱ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተትኩና ተማምኜ እንቅልፌን ተኛሁ። ማርቆስ መናኸሪያ ረዳቱ ሲያወርድልኝ ሆዷ ውስጥ ኳ ኳ ይላል።

ግራፊክስ ካርዱ ከቦታው ወልቆ ነበር። መልሼ ሰካሁት፣ ሠራች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ዘጋሁት። ያላየሁት ሌላ ነገር ነበር። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቆመው በአራት የፕላስቲክ እግሮች ነው፤ ከአራቱ አንዷ መንገድ ላይ ተነቅላለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ "ምነው፣ ይቺ ማሽን አዲስ አበባ እንዲህ አልነበረችም" እያልኩ ተንገላታሁ። ጌም ተከፍቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንቀረፈፋለች። አንድ የማውቀው ልጅ "ራም አንሷት ነው" አለኝ። አመንኩት፤ ሌላ 8 ጊጋ ራም አዲስ አበባ አስገዝቼ አስመጣሁ። ያው ናት። ሙቀቱን ማየት ያኔ ነው የታሰበኝ፤ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ላይ ቆሟል። እዚያ ሲደርስ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መንቀርፈፉ ከዚያ ነው። ማቀዝቀዣውን አወለቅኩት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት) አጽድቼ አዲስ ቀባሁ፣ አራቱንም እግሮች ቀጭ እስኪሉ ተጫንኳቸው። ሙቀቱ 65 ላይ ረጋ። ራሙ በከንቱ አልቀረም፤ ሁለት ፍሬ ራም ጥንድ ሆኖ ሲሠራ ከአንድ ፍሬ ይፈጥናል፣ ለቪዲዮ ሥራም 16 ጊጋ ያስፈልገኝ ነበር። ግን ያኔ የታመመው እሱ አልነበረም። ይህ አንደኛው ስሕተቴ ነው።

ስለዚህ በረሃውን የምታሻግሩ ሰዎች፦ ግራፊክስ ካርዱን ፈትታችሁ አውጡትና ለብቻው በካርቶን ያዙት እንጂ በፌስታል አትጠቅልሉት፤ ፌስታል ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ለቺፕ ጥሩ አይደለም። ኬዙን አታቁሙት፤ ማዘርቦርዱ ከታች ሆኖ ይጋደም። ከተቻለ እግራችሁ ሥር ይሁን። ደርሳችሁም ወዲያው አትሰኩ፤ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ነገር በጣት እየነካካችሁ ተመልከቱ።

ቴርማል ፔስት ማርቆስ ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ ወዳጄ "የጥርስ ሳሙና ይሠራል" ብሎ መከረኝ። ይሠራል፤ እስኪደርቅ ድረስ። ከዚያ ከምንም የባሰ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር የሚመጣ ሰው ስታገኙ ሁለት መርፌ ፔስት አስመጥታችሁ አስቀምጡ። ደግሞ የከፍታችንን ነገር አትርሱ። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ሲዞር የሚያሳልፈው አየር ቀላል ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ብርዳችን ጉድለቱን ያካክሰዋል። ባሕር ዳር ያላችሁ ግን ከፍታችሁ ዝቅ ቢልም ሙቀቱ ስለሚበረታ ነገሩ ያው ነው።

አቧራውን በተመለከተ፣ ጤፍ በሚወቃበት ወቅት እብቁ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ብዙ ልጆች ኬዛቸውን ተሸክመው ጎሚስታ ቤት ሄደው በጎማ መንፊያው ሲያስነፉ አያለሁ። አታድርጉት። የኮምፕረሰሩ አየር ውኃ ያዘለ ነው፣ ግፊቱም ፋኑን እንደ እብድ ያሽከረክረዋል። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፤ ፋኑን በጣት ይዞ ማጽዳት ነው።

በዚያው ዓመት አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የማሽኗ ሰዓት ይዘባረቃል፣ ዓመቱም ተመልሶ 2014 ይሆናል። እኛም 2014 ላይ ነበርንና ለጥቂት ቀን የሐበሻ ዓመተ ምሕረት የገባት ነበር የመሰለኝ። ለካስ ማዘርቦርዱ የተሠራበትን ዘመን ነው የምታነሳው! ዓመቱ ስለተሳሳተ ድረ ገጾቹ ሁሉ "ደህንነቱ አልተረጋገጠም" እያሉ አይከፈቱም፤ እኔ ደግሞ ኔትወርኩን እረግማለሁ። ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ማለቋ ነበር። 3 ቮልት ናት፤ ሰዓት ጠጋኞች ጋ ትገኛለች። ያገለገለ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይቀይራት።

ሃርድ ዲስኩ የሞተው በ2015 ጥር፣ ሰርግ በሚደራረብበት ወር ነው። ሲሞት ያስጠነቅቃል፤ እኔ አልሰማሁትም እንጂ። መጀመሪያ ፋይል ሲከፈት መዘግየት፣ ቀጥሎ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ስከፍተው ሰማያዊ መሆን የነበረበት ቢጫ ሆኗል፤ የተበላሹና ለመነበብ ወረፋ የሚጠብቁ ሴክተሮች ቁጥር በየቀኑ ይጨምራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ "ፎርማት ላድርገውና ይስተካከል ይሆናል" ይላል። ሌላው ቢጫውን ባየባት ደቂቃ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል። እኔ ደግነቱ ሁለተኛውን ሆንኩ፤ ሁለት ሰርግ ተረፈ፣ ከአንድ ልደት ግን ግማሹ ቀረ። ለዚያች ልጅ እናት ስልክ የደወልኩበትን ቀን አልረሳውም።

በምትኩ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገዛሁ። በዚህች ማሽን ላይ ካወጣሁት ብር ሁሉ አንጀቴን ያራሰኝ ይህ ነው። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ቢበዛ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነብ ነበር፤ ኤስኤስዲው በዚያው የሳታ ገመድ ወደ 500 ይጠጋል፤ ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው ደግሞ ትናንሽ ፋይሎች ላይ ነው። ዊንዶውስ እስኪነሳ ቡና ማፍላት ቀረ። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበት ውስጡ ትንሽ የሆነ ዲስክና ፍላሽ በገበያው ሞልቷል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን ዳር እስከ ዳር ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያወጣል። ጊዜ ይፈጃል፤ ከሻጩ ጋር "በሦስት ቀን ውስጥ ተመላሽ" ብሎ መስማማት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጧ! እንመለስ።

ሐምሌ 2016 ነው። ክረምቱ ጎጃምን እንደሚያውቃት አድርጎ ይመታታል። አንድ ምሽት ነጎድጓድ ሲያጓራ መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ። ሦስተኛው ላይ ማሽኗ ዝም አለች። ቁልፉን ብጫን፣ ገመድ ብቀይር፣ ምንም። ወደ አንድ ጥገና ቤት ተሸክሜ ወሰድኳት። ልጁ አገላብጦ አየና "ማዘርቦርዷ ሞቷል" አለ። በምን እንዳወቀ አልጠየቅኩም። ይህ ፕሮሰሰር የሚሰካበት ሶኬት ያለው ማዘርቦርድ አዲሱ ከገበያ ጠፍቷል፤ ያገለገለ አፈላልጌ አስመጣሁ። ያ ሰሞን የምንዛሪው ለውጥ የወጣበት፣ ሻጩ ጠዋት የነገራችሁን ዋጋ ማታ የሚክድበት ጊዜ ነበር። ቦርዱ መጣ፣ ተገጠመ፣ ያው ዝም። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነው።

ያዳነኝ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ጋሼ ናቸው። ስለ ጌሚንግ የሚያውቁት ነገር የለም። "መጀመሪያ መብራት ይግባባት አይግባባት እንይ" አሉና ቴስተራቸውን አወጡ። የሠሩትን እዚህ ልጻፈው፤ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ትልቁ ባለ 24 መሰኪያ ላይ ገመዶቹ ቀለም አላቸው። ሐምራዊው ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስከተሰካ ድረስ 5 ቮልት መያዝ አለበት። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ ሐምራዊው፣ ሌላውን ጥቁሩ ላይ ማድረግ ነው። የእኔ ዜሮ አለ። "ማዘርቦርድህን ለምን ትከሳለህ፤ ምግብ ያልሰጡት ሰው እንዴት ይነሳል?" አሉኝ ጋሼ። ሐምራዊው ደህና ከሆነ ቀጥሎ መሰኪያውን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ፣ አረንጓዴውን ከማንኛውም ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ይነሳል። ያኔ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ቮልት መሆን አለባቸው። ፋኑ ስለዞረ ብቻ ደህና ነው አትበሉ፤ ፋን ለመዞር ብዙ አይፈልግም። አዲሶቹ ላይ ገመዱ ሁሉ ጥቁር ስለሆነ በቀለም ሳይሆን በቦታ ነው የሚለየው። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

በደስታ ሮጬ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፤ ማታውኑ በተማርኩት መሠረት ለብቻው ልፈትነው ሰካሁት፤ ቀሪውን ከላይ አንብባችኋል። ቀይዋ 115 ላይ ነበረች። ሻጩን አልከስም፤ ዓይን ነበረኝ። ማሽኗ ላይ ሳልገጥመው መፈተኔ ግን ሌላውን ሁሉ አተረፈልኝ።

ሦስተኛውን በሂሳብ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ 84 ዋት፣ ካርዱ 120 ዋት፣ ቦርድ፣ ዲስክ፣ ራምና ፋን ተደምረው 50 ቢሆኑ ወደ 250 ይመጣል። ጥያቄው "ስንት ዋት ይላል?" አይደለም፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እዩ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር ተጽፏል? በ12 አባዙት። "500 ዋት" ተብሎ 16 አምፔር ብቻ የተጻፈበት አይቻለሁ፤ ያ 192 ዋት ነው፣ የእኔን ማሽን አይሸከምም። የገዛሁት 38 አምፔር ያለው ሲሆን 456 ዋት ማለት ነው። በእጅ ስታነሱትም ይከብዳል። ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሱ ይቀበላል፤ ቀይ መቀያየሪያ የለውም። አዲስ ነው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ዳግመኛ አልገዛም።

ፓወር ሰፕላዩን የገደለው ግን የግቢው መብራት ነው፤ እሱ ሳይስተካከል አዲሱንም መግደሉ አይቀርም። ጋሼ ቴስተራቸውን አዋሱኝና ለአንድ ሳምንት ሶኬቴን ለካሁ። ማታ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ግቢው እንጀራ ሲጋግር፣ 175 ይላል፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ በእኛ ግቢ ሦስት አሉ። እኩለ ሌሊት 240 ይደርሳል። ከእታለም ጋር የምጣድ ሰዓትና የኳስ ሰዓት ተከፋፈልን።

ከዚያ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ገዛሁ። 650 ቪኤ የተባለው በዋት ወደ 360 ነው፤ ለእኔ ማሽንና ስክሪን ይበቃል። ጌም ለመጨረስ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ ይሰጣል፣ ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት። ቮልቴጁን ራሱ የሚያስተካክለውን ዓይነት ጠይቁ። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ይደክማል፤ 12 ቮልት 7 አምፔር የሚባለው የታወቀ መጠን ከሆነ ባትሪውን ብቻ መቀየር ይቻላል። አቅም ለሌለው ለፍሪጅ የሚሸጠው የቮልቴጅ መከላከያ ከምንም ይሻላል፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚለቀው፣ የሚገድለው ደግሞ ያ የመመለሻው ቅጽበት ነው። ነጎድጓድ ካለ ሁሉንም መንቀል። ደግሞ ኬዙን ስትነኩ እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

ማሽኗ ዳነች። ያኔ "አሁን ደግሞ ላሳድጋት" የሚል አባዜ ያዘኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ብሩን ይበትናል፤ እኔም ልበትን ነበር። አንድ ሰው ባሕር ዳር ሆኖ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ለአክስቴ ልጅ በርካሽ አቀረበለት። ጂፒዩ-ዚን ስንከፍት ስሙ ፊት ለፊት "ሐሰተኛ" ብሎ ጻፈልን። የቆየ ደካማ ካርድ ተወስዶ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ዊንዶውስ ግን አምኖታል፤ የሚያሳየው የተጻፈለትን ስም ነው።

ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፦ ብር የማወጣበት ዕቃ ይቺ ማሽን ስትሞት ወደ ቀጣዩዋ መሻገር አለበት። ፓወር ሰፕላይ ይሻገራል። ኤስኤስዲ ይሻገራል። ዩፒኤስና ስክሪን ይሻገራሉ። ዲዲአር 3 ራም አይሻገርም፤ አዲሶቹ ቦርዶች አይቀበሉትም። የዚህ ሶኬት ፕሮሰሰርም አይሻገርም። ኮር አይ 7-4790 በቀጥታ ይገጥምልኛል፣ አራቱ ኮሮቹ (የስሌት ክፍሎቹ) በአንዴ ስምንት ሥራ ስለሚይዙ ለቪዲዮ ይረዳኝ ነበር፤ ተመኘሁት፣ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ተውኩት። ከዚህ ቦርድ ጋር የሚቀበር ዕቃ ነው። ደግሞም ይህ ትውልድ ዊንዶውስ 11ን በሕጋዊ መንገድ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ካርዱንም ለጊዜው ተውኩት። አርኤክስ 580 ርካሽ ነው ይሉኛል፤ 185 ዋት ይበላል፣ ብዙዎቹም ቀን ከሌት ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አዲስና ቆጣቢ ነው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ግን አራት ብቻ ነው፣ እንደኔ ባለ አሮጌ ቦርድ ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ስለሚወርድ ጉልበቱ ይባክናል። የእኔን 1060 ከፍቼ ፔስቱን ቀየርኩለት፤ ከ84 ዲግሪ ወደ 71 ወረደ፣ ጩኸቱም ቀነሰ። ስትከፍቱ ሜሞሪው ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች አትቅደዱ፤ ውፍረታቸው የተለካ ነው።

ቀጣዩዋ ማሽን ኤኤም 4 በሚባለው ሶኬት ላይ ትሆናለች። ለብዙ ዓመት የቆየ ሶኬት ስለሆነ ያገለገለ ቦርድና ፕሮሰሰሩ ይገኛል። ሁሉም ሰው ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ፕሮሰሰር ግዛ ይለኛል፤ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ለጌም ፈጣን። እኔ ግን 5600ጂ የሚባለውን ነው የምፈልገው። በጌም ትንሽ ይዘገያል፣ በውስጡ ግን የራሱ ግራፊክስ አለው። አዲስ አበባ ቢሆን ካርዱ ቢሞት በማግስቱ ሌላ ይገዛል፤ እዚህ መንገድ ከተዘጋ ሳምንታት መጠበቅ አለ። 1060ን ከፍቼ ፔስት በቀየርኩለት ሳምንት፣ ያሮጊቷ ፕሮሰሰር በራሱ ግራፊክስ ስክሪን ባያወጣልኝ አንድ ሰርግ ያመልጠኝ ነበር።

ባሕር ዳር አንድ ልጅ ጋ ቢ450 የሚባል የኤኤም 4 ቦርድ ከፕሮሰሰሩ ጋር አለ። የቆየ ባዮስ (የቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ያለው ቢ450 ይህን ትውልድ ላያውቀው ስለሚችል፣ ስክሪን ሲያወጣ በዓይኔ ሳላይ አልከፍልም ብዬዋለሁ። የራሴን ፓወር ሰፕላይና ኤስኤስዲ ይዤ እሄዳለሁ፣ እዚያው ገጥመን ግማሽ ሰዓት እናሠራታለን። በደንበጫና በቡሬ በኩል 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሲረጋጋ። አልጋዬ ሥር ያለው ትርፍ ማዘርቦርድ፣ ያ በስሕተት የገዛሁት፣ አሮጌውን ፕሮሰሰርና 16 ጊጋ ራም ተሸክሞ ለአክስቴ ልጅ ይሆናል። ልጁ ከአሁኑ ኬዝ መፈለግ ጀምሯል፤ ፓወር ሰፕላይ ግን አዲስ ካልገዛህ አልገጥምልህም ብዬዋለሁ።